ለሚስቱ የማያዳላው ሰው

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ፣ አንድ እግሯን ደጋ ላይ ተክላ ሌላውን ወደ ዓባይ በረሃ የዘረጋች አንዲት ወረዳ አለች። ስሟን ልተወው፣ ሰዎቹ ይቀየሙኛል። እንዳላማው በዚያች ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ የበጀት ባለሙያ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሌባም አልነበረም፤ የመንግሥት እስክሪብቶ እንኳ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ቤቱ ቢገባ በማግሥቱ ይመልሳል። ግን ቀናተኛ ነበር፤ የሚቀናውም በማንም አልነበረም፣ በገዛ ሚስቱ እንጂ።

በሚስቱ ቀና ስል ሌላ ወንድ ኖሮባት እንዳይመስላችሁ። እሱ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለ። ያ ቅናት መድኃኒት አለው፤ ሽማግሌ ይጠራል፣ ይማላል፣ ይገዘታል፣ ያልቃል። የእንዳላማው ቅናት ሰው ሚስቱን ስለሚወዳት ነበር፤ አገር ሙሉ ሰው።

አስቀድሜ ሥራውን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። በየዓመቱ ከዞን ጣሪያ ይመጣል። ጣሪያ ማለት ወረዳዋ ዘንድሮ ከዚህ በላይ እንዳታወጣ የተባለችበት ልክ ነው። ጣሪያው ሲታወቅ ጽሕፈት ቤቶቹ ሁሉ፣ ግብርናው፣ ትምህርቱ፣ ውሃው፣ መንገዱ፣ የሚፈልጉትን ጽፈው ያመጣሉ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የበጀት ስሚ የሚባል ስብሰባ ይጠራል፤ ኃላፊዎቹ በየተራ እየተነሡ ይከራከራሉ። አዲስ ሐሳብ ያመጣ ካለ፣ ሐሳቡ ዘንድሮ ምን ያስወጣል፣ ለከርሞ ምን ይዞ ይመጣል፣ የሚያድነውስ ወጪ አለ ወይ የሚለውን አስልቶ የሚናገረው እንዳላማው ነው። ካቢኔው ከእሱ አፍ ሳይሰማ አይወስንም።

ታዲያ በዚያች ወረዳ ልኩን ይዞ የሚመጣ ጽሕፈት ቤት የለም። አራት የሚያስፈልገው ስድስት ይላል። እንዳላማው ሲሶውን ይቆርጣል። አራቱ ይቀራል። ጠያቂው ወደ ቢሮው ተመልሶ “ቆረጡብን እኮ” እያለ ለሠራተኞቹ ያማርራል፣ እንዳላማውም የመንግሥትን ገንዘብ አዳንኩ ብሎ ራቱን በደስታ ይበላል። ይህን ማንም ውሸት ብሎት አያውቅም። በግ ተራ ላይ ሻጭና ገዢ እንደሚያደርጉት ነው፤ የመጀመሪያውን ዋጋ እውነት ብሎ የሚሰማ ሞኝ የለም። ያችን ሲሶ ኃላፊዎቹ እርስ በርሳቸው “የእንዳላማው ድርሻ” ይሏታል። ሰምቷል፣ አልከፋውም። እንዲያውም ደስ ብሎታል፤ በስሙ የሚጠራ ነገር ሌላ አልነበረውማ።

የሚስቱ ስም ግን በሰው ሁሉ አፍ ላይ ነው። ማሬ ነርስ ናት። ሲጋቡ እሷ ከትምህርት ቤት የወጣች ለጋ፣ እሱ ደመወዙም ወንበሩም ከፍ ያለ ነበር፤ ሰውም “የእንዳላማው ባለቤት” ይላት ነበር። ከዚያ ማዋለድ ጀመረች። አዋለደች፣ አዋለደች፣ በከተማይቱና በዙሪያዋ እጇ ያልተቀበለው ልጅ እስኪጠፋ አዋለደች። ሲስተር ተባለች። ገና ከቤቷ ብቅ ስትል ሰላምታው አላራምድ ይላታል። የባጃጅ ሹፌር ሒሳብ ስጠው ብትለው እጁን ይሰበስባል። ጉልት ላይ ያሉት ሴቶች ሽንኩርት ከመዘኑላት በኋላ አንድ ሁለት ራስ ጣል ያደርጉላታል። እንዳላማው አብሯት ሲወጣ የቸኮለ መስሎ ቀደም ቀደም ይላል፤ ቆሞ ቢጠብቃትማ ሰላም የሚሉት እሷን ብቻ መሆኑን ቆሞ ማየት ሊኖርበት ነው።

አንድ ቀን በቆላው ቀበሌ ሰዎች ልጃቸውን ማሬ ብለው እንደሰየሙ ሰማ። ያን ዕለት ራት አልበላም።

“ምነው፣ አመመህ?” አለችው።

“ሆዴን ቆረጠኝ።”

ሆዱን አልነበረም። ለበጀት ባለሙያ ልጁን የሚሰይም ማን አለ? እስኪ ንገሩኝ፣ ምጥ የያዛት ሴት “እንዳላማው ድረስልኝ” ትላለች? እሱም ይህን እያሰበ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

የሚካኤል ማኅበር ላይ የደረሰበት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ ነበርና የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃቸው ማለት ነው፣ ተሰብሳቢውን እየዞረ ያስተዋውቀዋል። ይኼ ነጋዴው እገሌ፣ ይኼ መምህሩ እገሌ እያለ መጥቶ እንዳላማው ዘንድ ሲደርስ፣ “ይኼን አታውቀውም? የሲስተር ማሬ ባል ነው” አለ። እንግዳው ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። “ሚስቴን ከሞት አፍ ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ ጉልበትዎን ልሳም” ብሎ ጎንበስ ሲል በግድ ነው ያነሡት። ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። እንዳላማውም ፈገግ አለ፤ ውስጡ ግን እርር ድብን ብሏል። ሃያ ዓመት የዚህን አገር ገንዘብ ጠብቄ ጠብቄ የሰው ባል ተብዬ ቀረሁ፣ አለ በልቡ።

በዚህ ላይ ማሬ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተብላ ተሾመች። እሱ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ሁለት ጊዜ ታጭቶ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። “እንኳን ደስ አለሽ” አላት። አፉ ነው ያላት። እሷ የአፉን ይዛ አቀፈችው፤ ደግሞም እውነት ተደስታ ነበርና ትከሻው እንደ ግንድ መድረቁን ልብ አላለችም።

ኃላፊ በሆነች በጥቂት ወር አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ የሚባል ቤት አለ። የቆላ ሴቶች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እስኪወልዱ የሚቆዩበት ነው። ቤቱ አለ፣ አልጋው አለ፣ የሚበላ ግን የለም። ሴትየዋ ስንቋን ይዛ ትመጣለች፣ ስንቁ ያልቃል፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ምጧ ሲመጣ አምቡላንስ ይጠራል፤ አምቡላንሱም መንገድ ከተከፈተለትና ጭቃው ከለቀቀው ቆላ ወርዶ ያመጣታል። ካልሆነም በቃሬዛ ነው። ማሬ ያሰበችው እንግዲህ፣ ወረዳው የእናቶቹን ቀለብ ከበጀቱ እንዲችል ነው። ዱቄት፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ማገዶ፣ አንዲት ምግብ አብሳይ። ሴቶቹ አስቀድመው መጥተው ከቆዩ አምቡላንሱ መመላለሱን ይተዋል፤ ከነዳጁ የሚተርፈው ብቻ የቀለቡን ወጪ ግማሽ ይሸፍናል።

ይህን ሁሉ ራት ላይ ነገረችው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ነበርና ወጋቸው ረጅም ነው። ለዓመታት በዚያች ገበታ ላይ፣ ግብርናው ለሦስት ሞተር ሳይክል ስንት ጎማ እንደጠየቀ፣ ትምህርት ቤቱ ጠመኔ እንደ ዱቄት በኩንታል እንደጻፈ እየነገራት እንባዋ እስኪፈስ ያስቃት ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን ታውቀዋለች።

“እኔ ግን አላሳብጥም” አለችው። “ልኩን ነው የማመጣው። ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ከሆነ ዘጠኝ መቶ ሺህ።”

“ልኩን ካመጣሽማ እኔ ምኑን እቆርጣለሁ? አንዲት ሳንቲም አልነካም።”

ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ያን ምሽት ከልቡ ነበር፤ ይህን ልመስክርለት። የነዳጁንም ስሌት ራሱ አብሯት ሠርቶ፣ ግማሽ አይሆንም እንጂ ሲሶውንስ ይሸፍናል ብሎ አርሞላታል።

ሰኔ ገባና ስሚው ተጠራ። ሌላው የበጀት ባለሙያ ተዛውሮ ሄዷልና ለእሷ ጽሕፈት ቤት ሌላ ተመልካች ማምጣት አልተቻለም። ሁለቱ ሥራ ላይ አንቱ ይባባላሉ፤ ሰው ይስቅባቸው ነበር፣ እነሱ ግን ለምደውታል።

ማሬ ተነሥታ አቀረበች። ከየትኛው ቀበሌ ስንት ሴት እንደምትመጣ፣ አንዷ ስንት ቀን እንደምትቆይ፣ ምን እንደምትበላ፣ አምቡላንሱ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደወረደ ተናገረች። በስሚ ላይ ሰው ስልኩን ሲነካካ እንጂ ሲያዳምጥ አይታይም፤ ያን ዕለት አዳመጠ። ስትጨርስ የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ታረቀኝ መነጽሩን አወለቀ።

“ይኼ ነው እንግዲህ ጥናት ማለት” አለ። ከዚያ ወደ እንዳላማው ዞረ። “አንተ እዚህ ወንበር ላይ ሃያ ዓመት ተቀመጥክ። ምነው ከሚስትህ ብትማር? እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን አምጥተህልን ታውቃለህ?”

ቀልድ ነው። አስተዳዳሪው ከማንም ጋር እንዲህ ይቀልዳል። አዳራሹ ሳቀ፣ የግብርናው ኃላፊማ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነው የሳቀው። ማሬ አልሳቀችም። ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ ዓይኗ “አይዞህ” ይል ነበር። እሱን ያቃጠለው ደግሞ ሳቁ ሳይሆን ያ “አይዞህ” ነው። አዘነችልኝ፣ አለ። በሰው ፊት አዘነችልኝ።

“በል እስኪ፣ የባለሙያውን አስተያየት እንስማ” አለ አቶ ታረቀኝ።

እንዳላማው ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ደሙ ፊቱ ላይ ወጥቶ ጆሮው ይሞቀው ነበር።

“ሐሳቡ ጥሩ ነው” አለ። “ሐሳብ መቼም ሁሉም ጥሩ ነው። ነገር ግን ከነዳጅ ይተርፋል የሚባለው ግምት ነው፣ በግምት በጀት አይያዝም። ቀለብ አንድ ጊዜ ከጀመርን ደግሞ ለከርሞ ማቆም የለም፤ ሌላውም ለኔስ ይላል። ስለዚህ ነዳጁ ከስሌቱ ይውጣ፣ የቀረውም እንደ ማንኛውም ጽሕፈት ቤት ሲሶው ይቀነስ።”

“ልኩን ነው ያመጣሁት” አለች ማሬ፣ ቀስ ብላ። “አቶ እንዳላማው ያውቃሉ።”

“ሁሉም ልኬ ነው ይላል፣ ወይዘሮ ማሬ።”

ሲስተር አላላትም፤ ሆን ብሎ ነው። እሷም “እንግዲህ ባለሙያው ካሉ” ብላ ተቀመጠች። ዘጠኝ መቶው ስድስት መቶ ሺህ ሆኖ አለፈ።

አሁን የሆነውን ጉድ ስሙ። ሰው አመሰገነው። ከአዳራሹ ሲወጡ የትምህርቱ ኃላፊ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ “ወንድ ነህ፤ ለገዛ ሚስትህ እንኳ አላዳላህም” አለው። በማግሥቱ ወሬው ከተማውን ሞላው። ሻይ ቤት ሲገባ ሰዎች ወንበር ለቀቁለት። የሚካኤል ለት ያ ሙሴ ራሱ፣ “እንዲህ ያለ ሰው ነው የመንግሥት ገንዘብ የሚጠብቀው” ብሎ ከሁሉ አስቀድሞ ቀዳለት፤ የሲስተር ባል ያለው ሰው አልነበረም። የእንዳላማው አንጀት ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ጣዕም አያውቅም ነበርና፣ ይህን ጣዕም የሰጠው ምን እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ አልፈለገም።

ማሬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልብስ እያጠፈች፣ “ለምን?” አለችው።

“ለሚስቱ አዳላ ቢባልስ? ለአንቺም ስም ብዬ ነው።”

አየችው፣ አየችውና “እሺ” አለች። ማሬ እሺ አለች ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። እሱ ግን አለቀ ብሎ ተገላገለ።

ሐምሌ ሲገባ ማቆያው ሥራ ጀመረ። ምግብ መኖሩ ሲሰማ የቆላ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። ከደብረ ማርቆስ የሬዲዮ ሰዎች መጥተው ማሬን አነጋገሩ፣ ድምፅዋ በምሳ ሰዓት በየሻይ ቤቱ ተሰማ። እንዳላማው ሬዲዮው ባለበት ቤት ምሳ እየበላ ነበር፤ እንጀራውን ትቶ ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። ራሱን ያጽናና የነበረው፣ ምንም ቢሉ እኔ በሰጠኋት ልክ ነው የምትሠራው እያለ ነው።

ልኩ አልበቃም። እንዴት ይበቃል? ማሬ አብቃቃች፣ ከቀበሌው መዋጮ ለመነች፣ ዘይቱን ቀነሰች፤ ሚያዝያ ሳይጋመስ ግን ጎተራው ባዶ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ፣ “ከሌላ መደብ ማዛወር ይቻል ይሆን?” አለችው።

“አሠራሩ አይፈቅድም።”

እውነቱን ነው፤ የቀረው መደብ ደመወዝ ነበርና ደመወዝ አይነካም። “አሠራሩን አንተ ነህ የምታውቀው” አለችና ተነሣች። በዚያው ሳምንት ከጓዳቸው አንድ ጆንያ ዱቄት በባጃጅ ጭና ወደ ማቆያው ስትወስድ በመስኮት አያት። ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? ለዚህም ይመርቋታል፣ ብሎ አሰበ። ለዱቄቱ አልሳሳም፣ ለምርቃቱ ነው የሳሳው። ቅናት ሰውን እንዲህ ያወርደዋል።

አንድ ጆንያ ስንት ቀን ይሄዳል? ሴቶቹ ከፋሲካ በኋላ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የአምቡላንሱ ሹፌር ዘመነ የእንዳላማውን ቢሮ አንኳኩቶ ገባ። ቦቲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ነዳጅ ሊጠይቅ ነበር የመጣው።

“የነዳጅ መደባችሁ አልቋል እኮ” አለው እንዳላማው።

“እንዴት አያልቅ ጋሼ? ማቆያው ከተዘጋ ወዲህ በየቀኑ ቆላ ነው የምወርደው። ያለፈው ሳምንትማ ዝናቡ ቀደመና ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀርቅሬ አደርኩ፣ የሚጎትት መኪና በኪራይ ነው የመጣልኝ። የእሱም ክፍያ አለ።”

እንዳላማው ሒሳቡን በልቡ ይዞ ነበር። ነዳጁና መጎተቻው ሲደመር ለእነዚህ ሳምንታት ቀለብ ይበቃ ከነበረው ይበልጣል። ያዳነው ገንዘብ ተመልሶ ወጥቷል፣ ሌላም አስከትሎ።

“ለማን ስትወርድ ነው የተቀረቀርከው?” አለ፣ ዝም ላለማለት ያህል።

“ዘሪቱ ለምትባል ልጅ። ማቆያው ውስጥ ከርማ ነበር እኮ፣ ምግቡ ሲያልቅ ነው የተመለሰችው። እኔ ሳልደርስላት ቀርቼ በቃሬዛ አወጧት፣ ቀኑን ሙሉ ነው የተሸከሟት። እሷ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም።” ዘመነ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። “ሲስተር ናት የተቀበለቻት። አልነገረችዎትም እንዴ?”

አልነገረችውም። ነገሩ ባለፈው ሳምንት በየትኛው ቀን እንደሆነ አስታወሰ፤ አምሽታ መጥታ እጇን ታጥባ ታጥባ፣ “ደክሞኛል” ብላ ነበር የተኛችው። እሱም አኩርፋ ነው ብሎ ነበር።

ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። ሰደበችኝ ብሎ መቆጣት፣ ተቆጥቶም ማልቀስ ፈልጎ ነበር። ማሬ ራት አቀረበች፣ ልጃቸው መደወሏን ነገረችው፣ የቤቱ ክዳን ከክረምቱ በፊት መታየት አለበት አለችው። ስለ ዘሪቱ አልተነፈሰችም። እሱም አፉን መክፈት አቃተው። ልጁን እኔ ነኝ የገደልኩት የሚለው ቃል ምላሱ ላይ መጥቶ ይመለስ ነበር። እንዲህ ሆኖም፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ ዘመነ “ሲስተር” ሲል ፊቱ እንዴት እንደራራ አልረሳ አለው። በዚያ ሰዓት እንኳ ቀና።

ግን አንድ ነገር ቆረጠ። የዘንድሮው ስሚ በአሥር ቀን ውስጥ ነው። ማሬ ቀለቡን ይዛ ስትመጣ በአዳራሹ ፊት ተነሥቼ፣ ልክ ናት፣ አምናም ልክ ነበረች፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሳይነካ ይለፍ እላለሁ አለ። ቃሉን በመንገድ ላይ ይለማመደው ነበር። ዓይኗን አስቀድሞ ያየው ነበር፤ እንደ ድሮው ስትስቅ።

የስሚው ቀን መጣ። ማሬ ተነሥታ ማንበብ ጀመረች።

እንዳላማው ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው የነቃው። ዘይቱ እጥፍ ሆኗል። አንዷ ምግብ አብሳይ ሁለት ሆናለች። ማገዶው ከጎረቤት ቀበሌ ሳይሆን ከደብረ ማርቆስ የሚጫን በሚመስል ዋጋ ገብቷል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ግብርናው ሁልጊዜ የሚያመጣት “ልዩ ልዩ ያልታሰቡ ወጪዎች” የምትባል መስመር። ድምሩ አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ብር። የኑሮው ውድነት ቢታሰብ እንኳ ልኩ አንድ ሚሊዮን ነው፤ እንዳላማው የአምናውን ስሌት አብሯት ሠርቷልና ያውቀዋል። እሷ አንዴም ቀና ብላ አላየችውም። ድምፅዋ እንደ ማንም ኃላፊ ድምፅ ነበር፣ እንደ ውሃው፣ እንደ መንገዱ።

ሌሎቹም ገብቷቸዋል። የግብርናው ኃላፊ ከጎኑ ያለውን በክርኑ ነካ አደረገው። “ሲስተርም ለመደች” አለ አቶ ታረቀኝ፣ እየሳቀ። “እስኪ ባለሙያው?”

እንዳላማው ተነሣ። የተለማመደው ቃል ሁሉ ጠፋበት። ልክ ናት ቢል ልክ አይደለችም፤ አዳራሹ ሙሉ ያውቃል።

“እኔ… ሳይቆረጥ ይለፍ እላለሁ” አለ።

አዳራሹ አጉረመረመ። በሃያ ዓመት ይህ ሰው እንዲህ ሲል ተሰምቶ አያውቅም። ማሬ እጇን አወጣች።

“ይቆረጥ” አለች። “እንደ ማንኛውም ጽሕፈት ቤት ሲሶው ይቆረጥ። አሠራሩ ነው።”

ተቆረጠ። አንድ ሚሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ። የቆላ ሴቶች በመጪው ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ይበላሉ፤ አንዲትም አትመለስም። ማሬ ልኩ መጽደቁን አየችና ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

ግቢው በር ላይ ደረሰባት። ሮጦ ነበርና ያለከልካል።

“ማሬ፣ ምነው ልኩን ብታመጪው ኖሮ?” አላት። “ማንም እንዳይነካው አደርግ ነበር እኮ። ይኼን ሁሉ ቀን እሱን ነበር የማስበው።”

“አሁንም ደርሷል። ሴቶቹ ይበላሉ።”

“እሱን አይደለም የምልሽ። አንቺም እንደ እነሱ ሆንሽ ወይ ነው የምልሽ።”

ማሬ ቆመች። ቁጣ አልነበረባትም፤ በፊቷ ላይ ፈልጎ አጣው።

“እንደ እነሱስ አልሆንኩም” አለችው። “ዞን ስጠየቅ ልኩን ነው የምናገረው። ለአቶ ታረቀኝም ከስብሰባው በፊት ቢሮው ገብቼ ልኩን ነግሬዋለሁ። የጨመርኩት ባንተ እጅ የሚያልፈው ላይ ብቻ ነው።”

እሷ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ያለች ሴት አለችና መሄድ ነበረባት። “አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ” ብላው ሄደች። እሱም እዚያው በሩ ላይ ቆሞ፣ አሁን ከነገረችኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ምን ያህሉ የተጨመረ ይሆን ብሎ ማሰብ ጀመረ።